«ይባንናል»፦ የሕፃናትን ስፓዝም ከስልክ ቪዲዮ ለመለየት ስሞክር የያዝኩት የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6 ቀን 2018

ይህን ሥራ የጀመርኩት በ52 ሰከንድ ቪዲዮ ምክንያት ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ አምስት ወሩ ነው። አልጋ ላይ በጀርባው ተኝቷል፤ ገና መንቃቱ ነው። አንገቱ ድንገት ወደ ፊት ሰበር ይላል። ሁለቱም እጆቹ ወደ ጎን ብድግ ይላሉ። ጉልበቱ ወደ ሆዱ ይሰበሰባል። አንድ ሰከንድ ቢሞላ ነው። ከዚያ ዘና ይልና ጣሪያውን ያያል። ዘጠኝ ሰከንድ ቆይቶ ያንኑ ይደግማል። ከዚያም እንደገና። ከስልኩ ጀርባ የእህቴ ድምፅ ይሰማል፤ «አይዞህ የኔ ጌታ፣ ምን አስደነገጠህ?» ትለዋለች።

ቤት ውስጥ ሁላችንም «ይባንናል» ነበር የምንለው። እናቴ ብርድ መትቶት ነው አለች። አንድ ክሊኒክ የሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ጠብታ አዘዘለት። እንዲህ እንዲህ እያለ ሰባት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ቪዲዮውን ያየችው የሕፃናት ነርቭ ሐኪም ግማሹን እንኳ አልጨረሰችም። «ሲነቃ ነው አይደል የሚመጣበት? ስንት ጊዜ ይደጋግመዋል?» ብላ ጠየቀች። በማግሥቱ ኢኢጂ፣ ማለትም የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ፣ ተነሣ። ኢንፋንታይል ስፓዝም የሚባለው የሚጥል በሽታ ዓይነት ሆኖ ተገኘ።

አሁን መድኃኒቱን ጀምሮ ስፓዝሙ ቆሟል። ያ ሰባት ሳምንት ግን ከራሴ አልወጣ አለ። ቪዲዮው እኮ ገና ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እህቴ ስልክ ውስጥ ነበር። የጎደለው ቪዲዮውን አይቶ «ይሄ መባነን አይደለም» የሚል ሰው ነው።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ስለዚህ የምችለውን ልሞክር ብዬ ተነሣሁ።

ጥቅምት 14

ሳምንቱን በንባብ አሳለፍኩ። በሽታውን መጀመሪያ የጻፈው ዊልያም ጄምስ ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነው። በፈረንጆቹ 1841 ላንሴት ለተባለው የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ላከ። የገለጸው የራሱን ልጅ ነው። ልጁ አንገቱን እየደፋ ወደ ፊት ሲያጎነብስ እያየ፣ ያውቁ ይሆናል ያላቸውን ሁሉ እየጠየቀ፣ መላ ያጣ አባት ነበር። ሕመሙ ዌስት ሲንድረም የተባለው በእሱ ስም ነው። በዚያ ዘመን «የሰላምታ መንቀጥቀጥ» ብለውም ጠርተውታል። በእኛ አነጋገር ልጁ እጅ የሚነሣ ይመስላል ማለት ነው። የእህቴን ልጅ ቪዲዮ ላየ ሰው ከዚህ የተሻለ ስም የለም።

በሽታው ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዓመት ሳይሞላ ነው፤ በተለይ ከሦስት ወር በኋላ። የሚታከመው ኤሲቲኤች በሚባል ሆርሞን፣ በፕሬድኒሶሎን ወይም በቪጋባትሪን ነው። ሕክምናው በዘገየ ቁጥር ስፓዝሙን ማቆምም፣ የልጁን እድገት ማዳንም እየከበደ ይሄዳል። ሰባት ሳምንት ብዙ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከእኔ በፊት የሠሩትንም አየሁ። በፈረንጆቹ 2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ፣ ሂውስተን ውስጥ ኒኮላዎስ ካራያኒስና ኤሊ ሚዝራሂ ከባልደረቦቻቸው ጋር የአራስ ሕፃናትን እንቅስቃሴ ከቪዲዮ በኮምፒውተር ለመለካት ሞክረዋል። በፈረንጆቹ 2025 ደግሞ የበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል ተመራማሪዎች ወላጆች በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፏቸውን ቪዲዮዎች ሰብስበው አንድ ትልቅ የቪዲዮ ሞዴል፣ ማለትም ከምሳሌ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ አሠለጠኑ። የ141 ሕፃናት 991 ስፓዝሞች ነበሯቸው። ውጤቱ በጣም ጥሩ ነው።

ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። በተራ ስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ በቂ ነው ማለት ነዋ። ኢኢጂ ማሽንም የሕፃናት ነርቭ ሐኪምም በአብዛኛው አዲስ አበባ በሆነበት አገር፣ ስልክ ግን ገጠርም አለ።

ጥቅምት 25

ዶክተሯን ሄጄ አነጋገርኳት። ሐሳቡን ሰምታ መጀመሪያ ያለችኝ «ማሽኑ ‘በሽታ የለም’ እንዳይል» ነው። በዚህ ተስማማን። ሥራው ምርመራ አይደለም። ለሐኪም ቶሎ መታየት ያለበትን ቪዲዮ ወደ ፊት ማምጣት ነው። እሷ ደግሞ የታካሚዎቿን ወላጆች ለማነጋገርና ቪዲዮዎቹን ለመለየት ቃል ገባች።

የስምምነት ቅጹን በአማርኛ ጻፍኩ፤ ሁለት ጊዜ አሳጠረችው። «እናት ልጅ ታቅፋ ሦስት ገጽ አታነብም» አለች። እውነቷን ነው። ቪዲዮዎቹ ክላውድ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ማከማቻ፣ ላይ አይወጡም። የሕፃኑን ፊት መሸፈን አልቻልንም፤ ዓይኑና ፊቱ ላይ የሚታየው ነገር የምልክቱ አካል ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር በይለፍ ቃል የተቆለፈ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ላፕቶፑም ሥራ ላይ ሳለ ከኢንተርኔት ይነቀላል።

ኅዳር 9

ቪዲዮዎች መምጣት ጀመሩ። ሁሉም በቴሌግራም። እዚህ ላይ ብዙ ተማርኩ።

ቴሌግራም ቪዲዮ ሲልክ ያሳንሰዋል። ትልቅ እንቅስቃሴ አይጠፋም፤ የጣት መኮማተር፣ የዓይን ሽፋን መርገብገብ ግን ይደበዝዛል። ሁለት እናቶች በክቡ ቪዲዮ ቀርጸው ላኩ። የልጁ ራስ አለ፣ እጅና እግሩ ከክቡ ውጭ ቀርቷል። አሁን ሁሉንም «እንደ ፋይል ላኩልኝ» እያልኩ ነው። ለአንዲት አያት በስልክ ሳስረዳ ሃያ ደቂቃ ፈጀብን፤ በመጨረሻ የልጅ ልጃቸው መጥታ ላከችልኝ።

ሌላው ችግር የፍሬም ነው፤ ፍሬም የምለው ቪዲዮው የተሠራበትን እያንዳንዱን ምስል ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም እቀርጻለሁ ይበል እንጂ ክፍሉ ጨለም ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዱ ቪዲዮ መሃል ላይ ከ30 ወደ 24፣ ከዚያ ወደ 15 ይወርዳል። ኮዴ ሁሉንም 30 ብሎ ሲቆጥር የአንድ ሰከንዱ ስፓዝም ግማሽ ሰከንድ ሆኖ ወጣ። ግማሽ ሰከንድና አንድ ሰከንድ ደግሞ እዚህ ሥራ ላይ ትልቅ ልዩነት ነው። በፋይሉ ውስጥ ያለውን የእያንዳንዱን ፍሬም ሰዓት ማንበብ ጀመርኩና ተስተካከለ።

ኅዳር 20

የመጀመሪያው ዕቅዴ አልሠራም።

ያሰብኩት የሕፃኑን መገጣጠሚያዎች ነጥብ በነጥብ መከተል ነበር፦ ትከሻ፣ ክርን፣ ጉልበት። ሚዲያፓይፕ የተባለው የጉግል ሶፍትዌር ይህን በነፃ ይሠራል። ግን የተማረው በአብዛኛው ከአዋቂ ሰው ነው። ሕፃን ራሱ ትልቅ፣ አንገቱ አጭር፣ እግሩ የታጠፈ ነው። አንዱን ልጅ ክርኑን ትራሱ ላይ አደረገለት። ሌላውን በጋቢ ተጠቅልሎ ስለነበር ጨርሶ ሰው ብሎ አልቆጠረውም።

በሕፃናት አካል ላይ የተሠሩ ሚኒ-አርጂቢዲ እና ሲሪፕ የሚባሉ የመረጃ ስብስቦች አሉ። ጠቃሚ ናቸው። ጋቢውን ግን አያነሡልኝም። እኛ ዘንድ ሕፃን ይጠቀለላል፤ ቪዲዮዎቹም እንደዚያው ናቸው።

ስለዚህ መገጣጠሚያውን ተውኩት። አሁን ሁለት ነገር ነው የምሠራው። አንደኛው፣ ከፍሬም ወደ ፍሬም እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ መለካት ነው። ሁለተኛው፣ በብዙ ቪዲዮ አስቀድሞ የሠለጠነ ሞዴል ወስዶ በእኛ ቪዲዮ ማረቅ። ጋቢም ቢሆን ልጁ ሲሰበሰብ አብሮ ይሰበሰባል።

ኅዳር 28

ዛሬ ሞዴሉ 97 በመቶ ትክክል አለኝ። ለእህቴ ደወልኩላት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ጥርጣሬ ገባኝ። 38 ቪዲዮ ይዞ 97 በመቶ?

ማታውን ቁጭ ብዬ ፈተሽኩት። አንድ ሕፃን ስድስት ቪዲዮ አለው። አራቱ ሞዴሉ በሚማርባቸው ውስጥ፣ ሁለቱ በሚፈተንባቸው ውስጥ ገብተዋል። ሞዴሉ ስፓዝሙን ሳይሆን ልጁን ነው ያወቀው። ይባስ ብሎ ቀይ ብርድ ልብሱን። ምስሉ ላይ የልጁን አካል ሸፍኜ ብርድ ልብሱን ብቻ ብሰጠው «ስፓዝም» ይላል።

አሁን ክፍፍሉ በቪዲዮ ሳይሆን በሕፃን ሆነ፤ አንድ ልጅ ወይ እዚህ ነው ወይ እዚያ። ውጤቱ ወደ 71 በመቶ ወረደ። ለእህቴ መልሼ ደወልኩ። «ታዲያ አሁን ነው እውነቱ የታወቀው» አለችኝ።

ታኅሣሥ 11

አንድ በሰላም የተኛ ሕፃን ቪዲዮ ላይ ሞዴሉ ሙሉውን ቀይ፣ ማለትም «ስፓዝም»፣ አደረገው። በሰከንድ አራት ጊዜ የሚመላለስ ምት አገኘሁ ይላል። ልጁ ግን ንቅንቅ አይልም። ደረቱ ብቻ ቀስ ብሎ ይወጣል ይወርዳል።

ሁለት ቀን ፈለግኩት። ጥፋተኛው አምፖሉ ነው።

የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ 50 ዙር ማለት ነው። ርካሹ ኤልኢዲ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል ይደበዝዛል፤ ዓይን አያየውም። ስልኩ ጨለማ ስለሆነበት በሰከንድ 24 ፍሬም ነበር የሚቀርጸው። 24 በ4 ሲባዛ 96። ከ100 ጋር ያለው ልዩነት 4 ነው። ያች የ4 ልዩነት ምስሉ ላይ በሰከንድ አራት ጊዜ የምትወርድ ስስ ጥላ ሆና ትታያለች። ፍሬሞቹን አንድ በአንድ ሳገላብጥ ግድግዳው ላይ መስመር መስመር ሠርታ ስትወርድ አየኋት። ሕፃኑ ላይም ታልፋለች። ሞዴሉ ልጁ የተንቀጠቀጠ መሰለው።

የሚጥል በሽታ የእጅ ምት ብዙውን ጊዜ በሰከንድ ከአንድ እስከ ሦስት ጊዜ ነው፤ አራት ሲሆን በጣም ይቀራረባል። ስለዚህ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አላየሁትም። አሁን ልጁ ላይ የታየ ምት ግድግዳው ላይም ካለ ኮዱ የመብራት ነው ብሎ ይጥለዋል። መብራት ጠፍቶ በሻማ ወይም በስልክ ባትሪ የተቀረጹትንም ለየብቻ አስቀመጥኳቸው።

ታኅሣሥ 23

ይህ ቀን የሥራውን አቅጣጫ ቀየረው።

ዶክተሯ ከሥራ በኋላ ሁለት ሰዓት ሰጠችኝ። ሞዴሉ የተሳሳተባቸውን 14 ቪዲዮዎች አብረን አየን። አብዛኞቹ እውነተኛ መባነን ናቸው። መባነን ላይ ሕፃኑ እጆቹን ዘርግቶ ይከፍትና እንደ ማቀፍ መልሶ ይሰበስባል፤ ብዙ ጊዜ ያለቅሳል። የሚቀሰቅሰው ነገርም አለ፦ በር ሲዘጋ፣ ራሱ ድንገት ሲወርድ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጠፋል። አምስት ሰከንድ ብቻ ቆርጠህ ካየኸው ግን ከስፓዝም ጋር ይመሳሰላል።

«አንቺስ በምን ትለዪዋለሽ?» አልኳት። ቪዲዮውን መልሳ ከፈተችና ልጁን ትታ ሰዓቱን አሳየችኝ። «እኔ እኮ አንዱን ብቻ አላይም። ቀጣዩን ነው የምጠብቀው» አለች።

ስፓዝም ተከታትሎ ይመጣል። አንዱ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሌላው፣ ትንሽ ዕረፍት። አንዳንዴ ጥቂት፣ አንዳንዴ በደርዘን ይሆናል። በተለይ ከእንቅልፍ ሲነቃ። የእያንዳንዱም ቅርጽ የራሱ ነው። ቶሎ ይወጣል፣ ለአፍታ ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። እንደ ብልጭታ ያጠረ አይደለም፣ ድርቅ ብሎም አይቆይም።

እኔ ደግሞ ቪዲዮውን በአምስት አምስት ሰከንድ እየቆራረጥኩ ነበር ለሞዴሉ የምሰጠው። ዶክተሯ የምታየውን ዋናውን ነገር በመቀስ ቆርጬ ጥዬዋለሁ።

ቤት ገብቼ ሒሳቡን ሠራሁ። አምስት ሰከንድ በአምስት ሰከንድ ካየን አንድ ሰዓት ውስጥ 720 ቁራጭ አለ። ልጁን 12 ሰዓት ብንከታተል 8,640። ሞዴሉ ከመቶ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት እንኳ በአንድ ሌሊት 86 የሐሰት ደወል ይሆናል። በሦስተኛው ሌሊት እናትየው ስልኩን ታጠፋዋለች። ያ ዓይነት መሣሪያ ቤተሰብ ያሰቃያል እንጂ አያግዝም።

ታኅሣሥ 27

አዲሱ አሠራር ይህ ነው። መጀመሪያ ትንሹ ሞዴል እያንዳንዱን ድንገተኛ መሰብሰብ ይለቅማል፤ መባነን ይሁን ስፓዝም አይጨነቅም። ከዚያ ሁለተኛው ክፍል ሦስት ደቂቃ ሙሉ ያያል። ስንት ጊዜ ተደገመ? በመሃል ያለው ጊዜ ምን ያህል ነው? ቅርጻቸው ይመሳሰላል? ከእንቅስቃሴው በፊት ድምፅ ተሰምቷል? ድምፁን መጠቀሜ ጥሩ ሆነ። በር ሲዘጋ የሚሰማ «ጓ» እና ከሱ ቀጥሎ የመጣ መባነን አሁን ጥርት ብሎ ይለያል።

የእህቴን ልጅ ቪዲዮ አስገባሁት። የእንቅስቃሴው መስመር ስክሪኑ ላይ ተሳለ። አምስት ጫፍ፣ መጠናቸው እኩል ሊባል የሚችል፣ በመካከላቸው ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ሰከንድ። ጠፍጣፋው ቦታ ላይ ደግሞ ልጁ ጣሪያውን ያያል። ይህን መስመር ለረጅም ሰዓት ዝም ብዬ አየሁት። እሱን ቪዲዮ ለማሠልጠኛ አልተጠቀምኩበትም፤ መቼም አልጠቀምበትም።

ጥር 8

ገናን ከቤተሰብ ጋር አሳለፍኩና ሥራው ትንሽ ቆሞ ነበር።

አራስ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሲስተር ስለ ሥራው ሰምታ «እኛ ጋ ብታስገባው?» አለችኝ። ለመታፈን የተዳረጉ ሕፃናት ብዙ ስለሆኑ፣ መናወጥ ሲነሣባቸው የሚያይ ዓይን ስለማይበቃ ነው የጠየቀችኝ። ልቤ ፈልጎ ነበር። ግን አይሆንም አልኳት።

ምክንያቱ ይህ ነው። በተወለዱ የመጀመሪያ ቀናት የሚነሣው መናወጥ አብዛኛው አካል ላይ አይታይም። አንጎል ውስጥ እየተካሄደ ልጁ ጸጥ ብሎ ሊተኛ ይችላል። እሱን የሚያገኘው ኢኢጂ ብቻ ነው። ካሜራ «ምንም የለም» ቢል ሐሰት ይሆናል። በተቃራኒው የአራስ እጅ መንዘፍዘፍ ብዙ ጊዜ መናወጥ አይደለም። ሲስተሯ ራሷ ታውቀዋለች። እጁን ቀስ ብለሽ ስትይዢው ከቆመ መንዘፍዘፍ ነው። መናወጥ ከሆነ እጅሽ ውስጥም ይቀጥላል። ቪዲዮ ላይ የሚነካው ሰው ከሌለ ይህ አይታወቅም።

ከሷ ጋር ያደረግነው ወሬ ግን አንድ ነገር ሰጠኝ። የአቀራረጽ መመሪያው ላይ «አንድ ጊዜ እጁን ቀስ ብለው ይያዙት፣ መቅረጹን ሳያቆሙ» የሚል መስመር ጨመርኩ።

ጥር 19

መመሪያውን አሥር ጊዜ ያህል ጻፍኩት። ከሞዴሉ ይልቅ እዚህ ላይ የሚጠፋው ጊዜ የሚያዋጣ ይመስለኛል። አሁን እንዲህ ነው፦ ልጁ ሊነቃ ሲል መብራት ያብሩ። ጋቢውን ይግለጡ። ስልኩን አግድም ይያዙ፤ ከራስ እስከ እግር ይታይ። አንዴ ካደረገው በኋላ አያቁሙ፣ አምስት ደቂቃ ይቅረጹ። እንደ ፋይል ይላኩ። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ግን ይህ ነው፦ ልጁ ከጠቆረ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም መናወጡ አላቆም ካለ ስልኩን ይጣሉና ወደ ሕክምና ይሩጡ።

«አምስት ደቂቃ ይቅረጹ» የምትለዋ መስመር ናት የከበደችው። እናት ልጇ ሲሰበሰብ ስታይ ስልኩን ጥላ ታነሣዋለች። ማን ይፈርድባታል? ስለዚህ «ሌላ ሰው ይቅረጽ፤ ብቻዎን ከሆኑ ስልኩን ትራስ ላይ ያቁሙት» አልኩ።

የካቲት 2

ውጤቱ በምን መልክ ይታይ በሚለው ላይ ከዶክተሯ ጋር ተከራከርን። እኔ ቁጥርና ቀለም አድርጌ ነበር። አረንጓዴውን አስወጣችው። «አረንጓዴ ያየች እናት ቀጠሮዋን ትሰርዛለች» አለች። ቁጥሩም ወጣ። አሁን ሁለት መልስ ብቻ አለ፦ «ዛሬውኑ ሐኪም ይየው» እና «ሐኪም እስኪያየው ተራ ይዟል»።

የካቲት 13

ትናንት ከሩቅ ከተማ አንድ ቪዲዮ መጣ። የሰባት ወር ሴት ልጅ ናት። ሞዴሉ ምንም አላገኘም። ተራ ውስጥ አስቀመጣት። እናትየው ግን ከቪዲዮው ጋር የድምፅ መልእክት ልካለች፤ «ልጄ ስትስቅ ነበር፣ አሁን አትስቅም፤ ዓይኗንም ታነሣለች» ትላለች።

ዶክተሯ ማታ አየችው። እጅና እግሯ አይንቀሳቀስም። ዓይኗ ለአፍታ ወደ ላይ ይሄዳል፣ አገጯ ትንሽ ይወርዳል። በየአሥራ ሁለት ሰከንዱ። ስፓዝም ነው ብላ ጠረጠረች። እንዲህ ዓይነት ስስ ስፓዝም እንዳለ አንብቤ ነበር፤ የኔ ሞዴል ግን ትልልቁን እንቅስቃሴ ብቻ ነው የተማረው። እናትየዋ ያለችው «አትስቅም» ደግሞ በየትኛውም ፍሬም ውስጥ የለም።

ሌሊቱን ኮዱን ቀየርኩ። አሁን ወላጁ ቪዲዮ ሲልክ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል፦ መሳቅ ወይም ዓይን ለዓይን ማየት ተወ? ይቀመጥ የነበረ መቀመጥ አቃተው? ሲነቃ ይደጋገማል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ሞዴሉ ምንም ይበል ምን ቪዲዮው ከሁሉም ፊት ይሰለፋል።

ልጅቷ ለኢኢጂ ነገ ጠዋት አዲስ አበባ ትገባለች። አባቷ አብሮ እየመጣ ነው። ከአውቶቡስ ተራ የምቀበላቸው እኔ ነኝ።